የምርቃና ዋስ

ሮብሌ ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ሁለት ሰው ነው። ጠዋት ሰላም ብትሉት ያኮርፋል። የአወዳይ ጫት ሐርጌሳ ገብቶ ጉንጩ ከሞላ በኋላ ግን አገር ይሰጣችኋል። የእህቴ ልጅ የኡግባድ አጎት ነው፣ በአባቷ በኩል። እናትና አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ ከአባት ወገን የቀራት እሱ ብቻ ስለሆነ ያለ እሱ ቃል የሚሆን ነገር የለም።

ኡግባድ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አዋላጅነት ለመማር አመልክታ ፈተናውን አለፈች፤ ቃለ መጠይቁንም አለፈች። የቀረው ዋስ ነበር። ሴቶቹ ሁለተኛ ዓመት ላይ እየተዳሩ ወንበሩ ባዶ ሲቀር ትምህርት ቤቱ መሮት ነው መሰለኝ፣ ከአባት ወገን የሆነ ሰው ራሱ ቀርቦ "ሳትጨርስ አልድራትም" ብሎ ካልማለ አይቀበልም። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ሮብሌ በየከሰዓቱ "ነገ በጠዋት እመጣለሁ፣ ሙት በይኝ!" ይላል። ጠዋት ስሄድ "የምን ዩኒቨርሲቲ? ሴት ልጅ ተምራ ምን ልትሆን? ዞር በይልኝ!" ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። እንዲህ ስንባባል የመጨረሻው ቀን ደረሰ። እስከ መግሪብ፣ እስከ ፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ ካልቀረበ ቦታው ለተጠባባቂዋ ልጅ ይሰጣል።

ያን ቀን ጠዋት አልሄድኩም።

"ሀበርያር፣ ምነው ተቀመጥሽ?" አለችኝ ኡግባድ። የእናቷ እህት ስለሆንኩ እንደዚያ ነው የምትጠራኝ። ከንፈሯ ደርቋል።

"የጠዋቱ ሮብሌ እምቢ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሲመረቅን ነው የምይዘው" አልኳት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጨዋ ሴት ወንዶች ጋደም ብለው የሚቅሙበት መፍሪሽ ውስጥ አትገባም፤ እኔ ገባሁ። ሮብሌ ትራስ ተደግፎ በወሬ በርበራ ላይ ሁለተኛ ወደብ እየሠራ ሳለ ደረስኩ።

"ሱብሃነላህ! ሴትዮ፣ አብደሻል?"

"አላበድኩም። የወንድምህ ልጅ ዕድል ዛሬ ሊያልፋት ነው። ወንድ ከሆንክ ተነስ!"

"ወንድ ከሆንክ? እኔን?" ብድግ አለ። "ወላሂ ዛሬውኑ ሐኪም አደርጋታለሁ!"

"አዋላጅ" አልኩት።

"ሚኒስትርም አደርጋታለሁ!"

አጠገቡ የነበረው ሐንዱሌ፣ ጺሙን ሂና የተቀባ የጨርቅ ነጋዴ፣ "ምስክር ያስፈልግሃል" ብሎ ተከተለን። ማን ጠራህ ልለው ነበር፤ ሰዓቱ ስለሚሄድ ተውኩት።

ኡግባድ የዩኒቨርሲቲው ደጅ ላይ እየጠበቀችን ነበር። የቅበላ ኃላፊዋ ካልቱን የሮብሌን አረንጓዴ ጥርስ አይታ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ዋሷ እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ እህቴ! አሥር ዓመትም ቢሆን ትማር! የሮብሌ ቃል ድንጋይ ነው!"

"ሳትጨርስ አይድሯትም?"

"በፍጹም!"

ሐንዱሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "ቆይ እንጂ ሮብሌ። ባለፈው ለልጄ ሰጥተኸኝ የለ? ከረመዳን በፊት ኒካህ ይታሰር ብለን ተጨባብጠናል እኮ።"

ኡግባድ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እኔ ደሜ ፈላ፤ ያንን ቀይ ጺም ብነጨው ደስ ባለኝ።

ሮብሌ ግን ሳቀ። "አንተ ደግሞ! እሱማ የምርቃና ጨዋታ ነው። በምርቃና የተባለ ነገር ይያዛል እንዴ?"

ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ካልቱን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እንግዲያው የዛሬው ቃልዎስ?"

ብልጥ ነኝ ብዬ ልጅቷን በገዛ እጄ አሰርኳት። የምርቃና ቃል ከተያዘ ለሐንዱሌ ልጅ ትዳራለች፤ ካልተያዘ ደግሞ ዋስ የላትም።

"ይጠብቁን" አለች ኡግባድ ድንገት፣ ለካልቱን። "ምርቃናው እስኪለቀው ይጠብቁን።"

"ልጄ፣ ከለቀቀውማ እምቢ ነው የሚለው" አልኳት በጆሮዋ።

"ይበል። ሁለተኛ ዓመት ላይ ከሚጎትተኝ እምቢውን ዛሬ ይንገረኝ።"

ካልቱን ሰዓቷን አየች። "እስከ መግሪብ" አለች።

ሮብሌ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ተፋ፣ ቧንቧው ጋ ሄዶ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ምርቃና ይሰብራል ስለሚባል የግመል ወተት ገዝቼ አጠጣሁት። ሐንዱሌም ከጎኑ ተለጥፎ የልጁን ሱቅና መኪና ያወራለታል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የሮብሌ ወሬ እያጠረ ሄደ፤ በኋላም ጭራሽ ጠፋ። ፊቱ ጠቆረ። ያ በየጠዋቱ የሚያባርረኝ ሰውዬ እዚያው ዓይኔ እያየ ተመልሶ መጣ።

ካልቱን ልትዘጋ ስትል ጠራችን። ሮብሌ ገባ፤ አልተቀመጠም።

"አሁንስ?" አለችው።

"አሁን ራሴን አሞኛል።" ግንባሩን አሸ። "እውነቱን ልንገርሽ? መማሯን አልወድም። ወንድሜ ተማረና ከእኔ ጋር ማውራት ተወ። ቤቱ ስሄድ እኔን ትቶ ጋዜጣ ያነብ ነበር። እሷም እንደዚያው ነው የምትሆነው። ከዚያ በኋላ የማን አጎት ነኝ? እፈራለሁ።"

እንደዚህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ንዴቴ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

"ስለዚህ እምቢ ነው?"

ሮብሌ ኡግባድን አያት። እሷም አየችው፤ ዓይኗን አላርገበገበችም።

"እምቢ አላልኩም። አልወድም ነው ያልኩት። የት ጋ ነው የምፈርመው?"

"ሮብሌ!" አለ ሐንዱሌ። "ተጨባብጠናል እኮ!"

"ለልጅህ ሌላ ቦታ ፈልግለት። ይኸው፣ ጉንጬ ባዶ ነው።"

ካልቱን እስክሪብቶዋን ሰጠችው። "ይኼኛውን ቃል አምናለሁ" አለች።

ፈርሞ ሲወጣ የመግሪብ አዛን ጀመረ። ኡግባድ እጁን ልትስም ጎንበስ ስትል ሰበሰበው።

"ተይኝ፣ አሞኛል ብያለሁ።"

"አዴር፣ አጎቴ፣ እኔ ማውራት አልተውም" አለችው።

"እሱን እናያለን" አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ሲጠርግ አየሁት።