ከፎቶው የተቆረጠችው አክስቴ

አክስቴ ዓይኗን በጨው ታጥባ መጣች። ሌላ አባባል የለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልረገጠችውን ቤት፣ አያቴ ከተቀበረች በኋላ በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና፣ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ "ቁራጬ የት ነው?" አለችኝ።

"የምን ቁራጭ?" አልኳት፣ እያወቅኩ።

"አትቀልጂብኝ አንቺ ልጅ። ነገ ዘመድ አዝማድ እናቴን ሊያስታውስ ይሰበሰባል። ግድግዳው ላይ እኔን ሲያጣኝ ምን ይላል?"

"የሌለ ሰው እንዴት ይጠፋል? እርስዎ እኮ የሉም።"

ድሮ አንቺ ነበር የምላት። አሁን አንቱ ስላት ለክብር እንዳይመስላችሁ። ገባት፤ ከንፈሯን ነከሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዘጠና ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴትዮ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ስትሰፋ ነው የኖረችው። ባሏ በልጅነቷ ሞቶባት፣ ልጆቿንና አንድ የእግር ስፌት መኪና ታቅፋ ቀረች። የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም እያለበሰች አሳደገቻቸው። ዛሬ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሰውዬ የመጀመሪያ ሱሪው የእሷ ሥራ ናት። መንገድ ላይ ስታገኘው "ያቺ ቂጧ የተተረተረችብህ ሱሪ" ትለዋለች፣ ሰው ፊት። ሰፈሩ የሚወዳትን ያህል ይፈራት ነበር። ከኋላዋ እማማ መቀስ ነበር የሚላት።

መቀስ የተባለችው ደግሞ በልብሱ ብቻ አይደለም። ከመኪናው በላይ ሸራ ላይ የተለጠፈ ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ አለ። አያቴ ከሰው ስትጣላ አትጮህም። ፎቶውን ታወርድና ያንን ሰው ዙሪያውን ቆርጣ ታወጣዋለች። ቁራጩ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። ስትታረቅ መልሳ በጥቁር ክር በመኪና ትሰፋዋለች። ሕግ ግን አላት። የተጣላት ሰው ራሱ መጥቶ ፔዳሉን ይረግጣል። "አንተ ርገጥ፣ እኔ አቀናዋለሁ" ትላለች። ከዚያ ሌላ ይቅርታ አትፈልግም።

ያልተቆረጠ የለም። አጎቴ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ገብቷል፤ አንዴ ሳይነግራት አግብቶ፣ አንዴ ከሱቅ የተገዛ ሱሪ ለብሶ መጥቶ። የሞተ ባሏን እንኳን ቆርጣዋለች፣ በሕልሜ መጥቶ ተቆጣኝ ብላ። እሱን ስትመልሰው ፔዳሉን ማን እንደረገጠ አልጠየቅኳትም።

የአክስቴ ግን የባሰ ነው። አክስቴ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ እና ዶክተር የሆነች ይመስላታል። አንድ ቀን ደጃፋችን ላይ ቆማ፣ ጨርቅ ይዘው የመጡትን ደንበኞች "እናቴ ዓይኗ ደክሟል፣ ሥራ አቁማለች" እያለች ስትመልስ አያቴ ከጓዳ ሰማቻት። መቀሷን አነሳች። ፎቶው ላይ አክስቴ ሕፃን ታቅፋለች፤ ሕፃኗ እኔ ነኝ። አያቴ እኔን ላለመንካት ስትጠነቀቅ አክስቴ ወጣችና እጆቿ ቀሩ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ባለቤት የሌላቸው ሁለት እጆች ይዘውኝ አየር ላይ ተንጠልጥያለሁ።

"ቆርቆሮውን አምጪ" አለች አክስቴ።

"አያቴ ያልታረቀችዎትን እኔ ማን ነኝ የምመልስዎ?"

"ታርቀናል።"

"መቼ?"

"ረቡዕ ደወልኩላት። ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳት፣ ነይ አለችኝ።" የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። "አርብ ሞተች።"

ሳቅኩባት። "የሞተ አይመሰክር። እዚህ ቤት አብሬያት የኖርኩት እኔ ነኝ። መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላትም እኔ። አንድ ቃል አልነገረችኝም።"

"አንቺን ማስፈቀድ ነበረባት?"

"እርስዎ ደንበኞቿን ሲያባርሩ እሷን አስፈቅደዋል?"

አጎቴ ለነገ የተዋሳቸውን ወንበሮች ተሸክሞ ገባ፣ የሁለታችንን ፊት አየ፣ ከነወንበሮቹ ተመልሶ ወጣ። ብልህ ሰው ነው።

ቆርቆሮውን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት፣ ቁራጯን አይታ እንድታፍር። አዝራር ብቻ ነው የወጣው። አክስቴ በጣቷ በተነችው፣ ሰበሰበችው፣ እንደገና በተነችው።

"አቃጠልሽኝ?" አለች።

"ለእርስዎ ክብሪት አላባክንም።"

"እናቴ አፍሽን ብቻ አሳድጋ ሞተች።"

"የእርስዎንስ ማን አሳደገውና።"

ወደ ስፌት መኪናው ዞረች። አያቴ የሞተች ዕለት ጎረቤቶች በግርግር መሃል አንሶላ ጣል አድርገውበት፣ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። "አይንኩት" እያልኩ ሳልደርስባት አንሶላውን ገፈፈችው፣ እዚያው ደርቃ ቀረች።

ቁራጯ መርፌው ስር ነበረች። አክስቴ፣ እጅ የሌላት፣ ፈገግ እንዳለች፣ ጨርቅ የሚይዘው የመኪናው እግር ወርዶ ይዟታል። መርፌው ላይ ጥቁር ክር ገብቷል።

ክሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሐሙስ ከሰዓት አያቴ የጎረቤት ነጭ መጋረጃ ጨርሳ እያጠፈች "ጥቁር ክር አስገቢልኝ" አለችኝ። ገና ያልተሰፋ ሌላ ነጭ መጋረጃ አጠገቧ ተቀምጧል። አስገባሁላት፤ በሆዴ ግን "አይ፣ ዓይኗስ በቃ" አልኩ። አክስቴ ደጅ ላይ ያለችውን ራሱን። እኔም መቆረጥ ነበረብኝ ማለት ነው።

አክስቴ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች።

"ማን ያቅናልኝ?" አለች፣ ግድግዳውን እያየች።

"አጎቴን ልጥራልዎ?"

"እሱ አዝራር እንኳን አይተክልም።"

ፎቶውን አወረድኩት፣ አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩት። ቁራጯን ቀዳዳው ላይ ገጥሜ መርፌው ስር አስገባሁ። "ቀስ ብለው ይርገጡ" አልኳት።

ፈጠነች። ድሮም ችኩል ናት።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ጣቴን ልትወጊኝ ነው።"

"ምላስሽን ብወጋው ነበር ደስ የሚለኝ" አለች። ግን ቀስ አለች።

እየተነታረክን ዞርናት። ወደ ግራ፣ ግራ ነው እኮ፣ የማን ግራ። አንገቷ ጋ ሸራው ሸሸብኝና ጭንቅላቷ ጋደል አለ። እጆቿ ጋ ስንደርስ ፔዳሉን በእግሯ ጣት ጫፍ ብቻ ረገጠች። አንዱ እጅ ልክ ገጠመ። ሌላኛው አንጓው ላይ ትንሽ ክፍተት ቀረው።

"ልተርትረውና እንደገና እንስፋው?"

"ተይው። እናቴ ብትሆን ታቀናው ነበር። ያጣመምሽው አንቺ ነሽ።"

"አረጋገጥሽ ነው ያጣመመው።"

ፎቶውን ሰቀልነው። አንገቷን ጋደል አድርጋ ታቅፋኛለች፣ በአንድ እጇ አጥብቃ፣ በሌላው እንደነገሩ። አሁንም አልወዳትም። ነገ በሩ ጋ፣ ብርድ የሚገባበት ወንበር ላይ ነው የማስቀምጣት።

አዝራሮቹን ቆርቆሮው ውስጥ መለስኩና መቀሱን አነሳሁ።

"እሱ የኔ ነው" አለች አክስቴ፣ ጫማዋን እያጠለቀች። "ትልቋ ልጅ እኔ ነኝ።"

"እስቲ ንኪውና" አልኳት፣ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።