የወረኢሉ መሳፈሪያ

አልታዬ ትልቋን ልጇን ትንሳኤን ካየቻት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኗት ነበር። ልጅቷ ባሕር ተሻግራ አልሄደችም። ያለችው ወረኢሉ አጠገብ ባለ የገጠር ቀበሌ፣ በአባቷ እህት ቤት ነው። ከመካነ ሰላም በማለዳ የተነሳ ሰው መንገድ ላይ መኪና ቀይሮ ሳይመሽ ይደርሳል። አልታዬን ያገዳት መሳፈሪያው ነበር። የደርሶ መልሱን ብር ባጠራቀመች ቁጥር ወይ ትንሿ ልጇ ሰብሌ ትታመማለች፣ ወይ የቤት ኪራይ ይደርሳል። ባዶ እጅን መሄዱም አለ። ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን ሄዳ አይታዋለች፤ ሦስተኛውን አልደፈረችም።

ባሏ ቢተው ወርቅ ልቆፍር ብሎ ወደ ምዕራብ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ላይ ይደውል ነበር፤ ሁለት ሦስቴ ብርም ልኳል። በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ሞተ ብሎ የነገራት የለም፣ ሌላ አግብቷል ብሎ የነገራትም የለም። አልታዬ በሰው ቤት ልብስ ማጠብ ያዘች፤ የሚታጠብ ሲጠፋ ለግንባታ ድንጋይ ትሸከማለች። የቢተው ታላቅ እህት እትዬ ብዙዬ ለዘመድ ለቅሶ መካነ ሰላም መጥተው ሳለ ሦስቱ የሚኖሩበትን ክፍል ገብተው አዩት። ጣሪያው ያፈሳል፣ በሩ በገመድ ይታሰራል።

"አንዷን ስጪኝ" አሏት። "እኔ ልጅ አልሰጠኝም። ወተት ግን አለኝ።"

አልታዬ እሺ ያለችው ወተት የሚለውን ቃል ስለሰማች ነው። ትንሳኤ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ባለፈው ጥር ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት የመጣ ይሄነው የሚባል ወጣት፣ በጣም ለተቸገሩ ቤተሰቦች ጥሬ ብር በሁለት ዙር በስልካቸው እንደሚገባላቸው አስረዳ። ከሰው መሃል ጉርምርምታ ተነሳ። ብድር ነው ያለ አለ። ሃይማኖት ሊያስቀይሩን ነው ያለም አለ። አንዲት ሴትዮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጆቻችንን ሊወስዱ ነው" አለች። አልታዬ ይህን ስትሰማ የእኔዋ እንደሆነ ከሄደች ቆየች ብላ አሰበች፤ ተመዘገበችም።

ይሄነው ስሟን ጽፎ ሲጨርስ፣ "እርስዎ የሚጠይቁት ነገር አለ?" አላት። እርስዎ የተባለው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችው።

"በግ ግዙ ትሉናላችሁ?"

"አንልም።"

"ለመሳፈሪያ ባደርገውስ?"

"ብሩ የእርስዎ ነው። ለምን አደረጉት ብሎ የሚጠይቅዎ ሰው አይመጣም።"

የካቲት ላይ፣ ልብስ እያጠበች ሳለ፣ ስልኳ መልእክት አስገባ። አልታዬ ቁጥር ታውቃለች፣ ንባቡ ግን እምብዛም ነው። እጇን እንኳ ሳታደርቅ ወደ ፈይዛ ሱቅ ሄደች። ፈይዛ በሰፈሩ ሱቅ ያላት፣ በእድሜ እኩያዋ የሆነች፣ ስኳርና ዘይት አልፎ አልፎ በዱቤ የምትሰጣት ሴት ናት። መልእክቱን አንድ ጊዜ አነበበችው፤ እንደገና አነበበችው።

"ሠላሳ ሺህ ይላል" አለቻት። "አልሐምዱሊላህ። ነይ ቁጭ በይ፣ ቀለምሽ ተቀየረ እኮ።"

"ተሳስተው ይሆናል ፈይዛ።"

"ስምሽ ከነአባትሽ ተጽፏል። አብሽሪ፣ ያንቺው ነው። ምን ልታደርጊበት ነው?"

"መጀመሪያ ወረኢሉ ልሂድ" አለች አልታዬ።

ፈይዛ ስለ በግ ወይም ስለ ዶሮ ልትመክራት አፏን ከፍታ ነበር። ተወችውና ከመደርደሪያው ላይ ሁለት ኪሎ ስኳር አወረደች።

በሳምንቱ መጨረሻ ሰብሌን ይዛ ተሳፈረች። አቃስታን አልፈው ጉጉፍቱ ላይ ሲወርዱ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ሌላ ሚኒባስ ያዘች። እትዬ ብዙዬ ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

እትዬ ብዙዬ ከደጃፉ ላይ አገላብጠው ሳሟት። ገና ሳትቀመጥም፣ "ዘንድሮ ገብሱን ውርጭ አቃጠለብን እኮ" አሉ። ለልመና ለመጣ ሰው ቀድሞ የሚነገር ወሬ መሆኑ አልታዬ ገባት። ቋጠሮዋን ፈታችና ስኳሩን፣ ቡናውን፣ ሳሙናውን፣ ለእሳቸው የገዛችውን ሻሽ አንድ በአንድ መደቡ ላይ አስቀመጠች። እትዬ ብዙዬ ሻሹን አንስተው ዳሰሱት፤ ስለ ገብሱም ዳግመኛ አላነሱም።

ትንሳኤ ጥጆቹን አስገብታ ስትመጣ እናቷን አይታ በሩ ላይ ቆመች። ቁመቷ ተመዟል፤ ፀጉሯ በደንብ ተሠርቷል፤ ጉንጯ ሞልቷል። አልታዬ አቀፈቻት፤ ልጅቷም ታቀፈች፣ ግን እንደ እንግዳ ልጅ ዝም ብላ ነው። አልታዬ የገዛችላትን ጫማ አወጣች። መጨረሻ ካየቻት ጀምሮ በልቧ ይዛው በኖረችው እግር ልክ ነበር የመረጠችው። አልገባም፤ ጣቶቿ ላይ ቀረ።

"አደገች እኮ" አሉ እትዬ ብዙዬ፣ ለስለስ ብለው።

"አዎ" አለች አልታዬ። "አሳደጓት።"

ትንሳኤ ጫማውን አልመለሰችም። እህቷን አስቀምጣ እግሯ ላይ ሞከረችው፤ ለሰብሌ ደግሞ በጣም ሰፊ ሆነ። ትንሿ ልጅ እሱን እየጎተተች ቤቱን ስትዞር ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ። አልታዬ የትልቋን ሳቅ ስትሰማ ነው የመጣችበትን ለመናገር የቆረጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ከልጇ ጋር ምንጭ ወረደች። ጄሪካኑ እስኪሞላ ተቀምጠው ሳለ፣ "ወደ እኔ እንድትመለሺ ፈልጌ ነው የመጣሁ" አለቻት። "ጥሩ ክፍል ልከራይ ነው። ፈይዛ ከሱቋ ጀርባ ያለውን ልትሰጠኝ ተስማምተናል።"

ትንሳኤ ጄሪካኑን አስተካክላ ወደ ውኃው አስጠጋችው።

"ከዚያ መልሰሽ ታመጪኛለሽ?"

አልታዬ ልቧ ተነካ። ልጅቷ መሄድን እንዳልጠላች፣ የፈራችው ግን እንደገና መሰጠትን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። የምትለውን ነገር ልትፈጽመው ትችል እንደሆነ መጀመሪያ በልቧ መዘነች።

"አልመልስሽም። እትዬን ልትጠይቂ ስትፈልጊ አብረን እንመጣለን፤ አብረን እንመለሳለን።"

"እትዬ ብቻዋን ልትሆን ነው" አለች ልጅቷ።

እትዬ ብዙዬም ጉዳዩ ሲነገራቸው ያሉት ይህንኑ ነው። አልተቆጡም። ላሚቱ ወዳለችበት አቅጣጫ አዩና፣ "ታዲያ እኔ ለማን ላልብ ነው?" አሉ። አልታዬ ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። ልጄን ከረሃብ አወጡልኝ አለቻቸው፤ ውለታዎን የምረሳ ሰው አይደለሁም አለች። አሮጊቷ ጎትተው አስነሷትና ነገሩን እንደ ሽማግሌ ጨረሱት፦ ልጅቷ የዓመቱን ትምህርት ትጨርስ፣ ፈተናዋን ትፈተን፣ ሐምሌ ላይ እኔው ራሴ አመጣታለሁ።

አልታዬ ሦስት ቀን ተቀምጣ ተመለሰች። መኪና ውስጥ እንዳለች ስለ ሥራ ታስብ ነበር። ልብስ የምታጥብላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ላጤ ናቸው፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ። ወጥ ቤታቸውን ታውቀዋለች። ነርስ በሆነው በብዙነህ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ጥቅል መኮሮኒና ጨው ብቻ ነበር ያለው። ሁዳዴ ደግሞ ገብቷል።

አተርና ባቄላ በጅምላ ገዛች፤ ቆልታ፣ ከክታ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በበርበሬ አሰናድታ አስፈጨችው። የመጀመሪያውን ኪሎ ለብዙነህ ወሰደችለት።

"ሽሮ መሥራት እኮ አልችልም" አላት።

"ውኃና ዘይት ማፍላት ትችላለህ?"

"እሱን እንኳ እችላለሁ።"

"እንግዲያው ትችላለህ።"

በሳምንቱ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን ይዞ ፈይዛ ሱቅ መጣ። ፈይዛ ሽሮውን በመደርደሪያዋ ላይ ደርድራ፣ "ወላሂ፣ እኔ ራሴ ቤቴ የምሠራውን ትቼዋለሁ" እያለች ትሸጥላት ጀመር። ጾሙ ሲፈታ ገበያው ይቀዘቅዛል ብላ አልታዬ ፈርታ ነበር፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ክፍሉን ተከራየች። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ በሩ ቁልፍ አለው። ባለ ሜትር ከሃያ አልጋ አስገባች። ድንጋይ መሸከሙን ተወችው፤ ልብስ ማጠቡን ግን ለሁለት ቤቶች አላቋረጠችም፣ ሰዎቹን ስለምትወዳቸው።

እትዬ ብዙዬ እንዳሉት ሐምሌ ላይ፣ በዝናብ፣ ልጅቷን ይዘው መጡ። አንድ ባና የሚሉት የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አንድ ቅል ቅቤና የትንሳኤን የፈተና ውጤት ይዘዋል። ከክፍሏ አምስተኛ ወጥታለች። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ የበሩን ቁልፍ ከፍተው ዘጉት፤ ጣሪያውን ቀና ብለው ተመለከቱ።

"ደግ ነው" አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል አልነበሩም። ትንሳኤ እናቷን ምን ብላ እንደምትጠራት ጠፍቷት ነገር ስትፈልግ አጠገቧ መጥታ ትቆማለች። አልታዬም አላስጨነቀቻትም፤ አተር አብራት እንድትለቅም ቦታ ትለቅላት ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ድንገት ሲመጣ ልጅቷ በረንዳ ላይ የተሰጣውን ክክ አይታ፣ "እማ፣ ሊበሰብስ ነው" ብላ ሮጠች። ሁለቱም ሰፌዱን አንስተው ገቡ። አልታዬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሥራ ስትሠራ ታንጎራጉር ነበር።

ሁለተኛው ዙር ብር በነሐሴ ገባ። ከእሱ ላይ የልጆቹን ደብተርና ቦርሳ ገዛች፤ የተረፈውን አተር ርካሽ በሚሆንበት ወቅት ለመግዛት አስቀመጠችው። መስከረም ላይ ትንሳኤ አምስተኛ ክፍል ስትገባ ሰብሌ እኔም እሄዳለሁ ብላ በሩ ላይ አለቀሰች።

እትዬ ብዙዬ ላሚቱንና በጎቹን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጥተው ነበር የመጡት፤ ለአንድ ሳምንት ነው ብለው። የአልታዬን የአተር አቆላል ሳይወዱት ቀሩ፣ ምጣዱን ተቀበሏት፣ ሽሮውም ተሻለ። ሰኞ እሄዳለሁ ይላሉ። እንዲህ ማለት ከጀመሩ ብዙ ሰኞ አልፏል። አልታዬም መቼ ነው ብላ ጠይቃቸው አታውቅም፤ ባናውን ለሁለት ሰው እንዲበቃ ሰፋ አድርጋ ታነጥፍላቸዋለች፣ ትንሳኤም ከእሳቸው ጎን ትተኛለች።