ጋሼ የገጠመው ኮምፒውተር

የቤት ፕላን ነዳፊዋ የምትሠራበት ቢሮ ሲዘጋ፣ አለቃዋ የነበረው መሐንዲስ አንድ ተስፋ ሰጣት። «ቤትሽ ኮምፒውተር ካለሽ የአንድ ሕንፃ ሥራ እሰጥሻለሁ። ግን ቶሎ በይ፤ ባለቤቱ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረበትም።» ከዚህ ሌላ ጠብ የሚልላት ነገር አልነበረምና ያላትን ጥሪት አሟጣ ዴስክቶፕ ፍለጋ ወጣች።

ሱቅ ያገኘችው ያገለገለ ነበር፤ ጎኑ የተፋቀ፣ ዝግ ያለ፣ ግን ሥራውን የሚችል። ሻጩ አብርቶ አሳያት፤ ዋስትናም አለው። በማግስቱ ልትገዛው አስባ፣ ልቧን እዚያው ጥላ ቤት ስትገባ ታላቅ ወንድሟ ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ ካቻቢቴዎቹን ደርድሮ ጠበቃት።

በደህናው ዘመን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። አበቃለት የተባለ ማሽን ስለሚያስነሳ መንደሩ «ዶክተር» ይለው ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ሱቁን ዘግቶ ከእሷ ጋር ይኖራል።

«የሰው ጥራጊ ልትሸከሚ ነው?» አላት ያየችውን ስትነግረው። «ዕቃውን ለየብቻ እንግዛና እኔ ልገጣጥምልሽ። በዚያው ዋጋ አዲስ፣ እንደ ጥይት የሚተኮስ ይወጣዋል።»

«ጋሼ፣ ያኛው እኮ ያለቀለት ነው። ነገውኑ ሥራ እጀምርበታለሁ።»

«እጄን ፈርተሽ ነው፣ አይደል?»

ፈርታ ነበር። ብርጭቆ ሲያነሳ ግማሹ ደረቱ ላይ እንደሚፈስ ታውቃለች፤ ሸሚዙን የምታጥበው እሷ ናት። ነገር ግን ከታመመ ወዲህ ዓይኑ እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም። አንጀቷን በላው።

«ኧረ በጭራሽ! ግጠምልኝ በቃ» አለችና በማግስቱ ዕቃዎቹን ተሸክማ መጣች።

እየቀለደ ጀመረ። «ነርስ፣ ካቻቢቴ!» ይላል፤ ታቀብለዋለች። ማዘርቦርዱን ኬዙ ውስጥ አሰረ። ከዚያ የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ጋ ደረሰ፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የብረት ጥርሶች የተደረደሩበት ቦታ ነው።

«ልያዝልህ?»

«ተይኝ!»

ትንፋሹን ዋጠ። እጁ ቀስ እያለ ወረደ፣ ልክ ሊያሳርፈው ሲል ዘለለ። ፕሮሰሰሩ አምልጦት በጠርዙ ጥርሶቹ ላይ ወደቀ። ሊያነሳው ሲጣደፍ ይባስ ጨፈለቃቸው።

በመርፌ ሊያቃናቸው ታገለ፤ እሷም ሞከረች፤ አንዳንዶቹ ተሰበሩ። እንደምንም ገጥመው አበሩት። ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ እንደጨለመ ቀረ።

ዕቃዎቹን የሸጠላት ነጋዴ ማዘርቦርዱን አገላብጦ አየና መለሰላት። «እህቴ፣ ይሄ የሰው እጅ ያበላሸው ነው። አልቀይርም።» መጀመሪያ ያየችው ያገለገለ ኮምፒውተርም ተሽጦ ነበር። ደጅ ወጥታ ለመሐንዲሱ ደወለች።

«ውይ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠሁት እኮ!» አላት።

ቤት ገብታ «ከፋብሪካው ሲወጣም ብልሽት ነበረው አሉ» ብላ ዋሸች።

«ሚጢዬ» አለ ወንድሟ ቀና ሳይል፣ «በዚህች ውሸት እኮ እኔም ስንቱን ደንበኛ ሸኝቻለሁ።»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። እሺ ያለችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። እሷ በየቢሮው ትዞራለች። የሠራችውን ፕላን አይተው ያደንቁና «ቤትሽ ኮምፒውተር አለሽ?» ይሏታል። ስትመለስ ቀናሽ ብሎ አይጠይቃትም፤ እሷም አትነግረውም።