ዘመድ የሆነ ይውጣ

በሸዋ ሮቢት ወላጅ አልባ ልጆችን የሚረዳው ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ለመቅጠር አራቱ የቦርድ አባላት ተሰብስበዋል። ያመለከተው ሙሀሲን ብቻ ነው። ዛሬ ካልተቀጠረ ነገ በጅቡቲ በኩል ሊሰደድ ቆርጧል፤ ደጅ ማንጎው ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሰብሳቢዋ ሰሀር ከስዊድን ተምራ የተመለሰች ናት። ራሷ በማኅበሩ ደንብ ያስገባችውን አንቀጽ አነበበች፦ «የአመልካቹ ዘመድ የሆነ አባል በውሳኔው አይሳተፍም።»

ጋሼ ካሚል የሙሀሲን አጎት ናቸው፤ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። የሙሀሲን ሚስት አክስት እትዬ ሙሚና ተከተሉ። እህቱን ያገባው አብዱልሀኪምም እየሳቀ ወጣ።

ሰሀር ብቻዋን ቀረች። አንድ ሰው ቦርድ ይሆናል? ደንቡን ማገላበጥ ጀመረች።

እትዬ ሙሚና በመስኮት ብቅ አሉ። «ልጄ፣ እናትሽ ታማ ሳለች አንቺንም እኮ ያጠባችሽ የሙሀሲን እናት ናት።»

«ጡት መጋራትም ይቆጠራል?»

«አላህ ዘንድ ወንድምሽ ነው» አሉ ጋሼ ካሚል ከኋላ። «ያንቺን ደንብ እንጃ። ሰው ከማይተዋወቅበት አገር ያመጣሽው ነው።»

ደንቡ ስለ ጡት አንዳች አይልም። ሰሀር ግራ እንደገባት ወረቀቷን ይዛ ወጣች።

ሙሀሲን ተነሳ። «ውስጥ ማን ቀረ?»

«ማንም» አለው አብዱልሀኪም።

«ታዲያ ተቀጠርኩ ወይስ ልሂድ?»

ሁሉም ሰሀርን አዩ።

«አትሂድ» አለችው። በሰብሳቢነት ይሁን በእህትነት ግን ራሷም አላወቀችም።