ቅመስና ትፋ

እና ክንዱ እያበጠ ነው፣ የሚያብጠው የግፊት መለኪያው ጨርቅ ነው እንጂ ክንዱማ አይደለም፣ ግን ሸሓታ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ክንዱ ከትከሻው ተፈትቶ እንደ ጀልባ በእስክንድርያ ባሕር ላይ ቀስ እያለ ሲርቅ ይታየዋል፣ ነርሚን የጎማ ፊኛዋን ትጨምቃለች፣ አትናገር ትላለች፣ መተንፈስስ ክልክል ነው ዶክተር? ዝም በል አልኩህ። ዝም። እስከ ስድስተኛ አብረው ተማሩ፣ ከዚያ እሷ ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ እሱ ወደ አባቱ የጡርሺ በርሜሎች፣ ሎሚና ካሮት በጨው ውሃ ሲነክር ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ጎረምሳ ደም ብዛት ይዞት፣ የሽማግሌ በሽታ እኮ ነው፣ አባቱ እንኳ በሃምሳው ነው ሎሚ እንዳማሰለ ወድቆ ግራ ጎኑ ሽባ የሆነው፣ አራት ዓመት አልጋ ላይ፣ የሱቁ ግማሽ ያኔ ለማሳከሚያው ሲባል ለሞባይል ሻጭ ተሸጠ፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ፣ በሕልሙ በርሜሎቹ ግድግዳውን እንደ ጭስ አልፈው ይንከባለላሉ፣ ቢጫው ሎሚ፣ ቀዩ ሽንኩርት፣ ሁሉም በዝግታ፣ ድምፅ የለም።

ግፊትህ መቶ ሰባ በመቶ አምስት፣ ትላለች።

ክንዱ ተመልሶ ይመጣል። ከባድ ነው፣ የራሱ ነው።

ኪኒኑን አሳየኝ ትላለች፣ ያወጣል፣ ሸሓታ፣ ይሄ ትናንት ማለቅ ነበረበት፣ አሥራ አንድ ቀርቷል፣ እኔ ራሴን ሲያመኝ ነው የምውጠው፣ ደህና ስሆን ለምን ላባክነው? ደም ብዛት አንኳኩቶ የሚገባ መሰለህ? ጨው ውሃውንስ፣ አሁንም ትቀምሳለህ? ሳልቀምስ ምኑን እሸጣለሁ፣ አሥራ ሁለት በርሜል በየቀኑ፣ እንግዲያ ቅመስና ትፋ ትላለች፣ ደንበኛ ፊት? ደንበኛ ፊት ከምትወድቅ ትፋ!

ከኋላው ሦስት ሰው ቆሟል፣ አንዷ ሴትዮ ትስላለች፣ ነርሚን ግን አትቸኩልም፣ ለመለካቱ ሳንቲም አትቀበልም፣ ውዱን ኪኒን ሐኪሙን አስፈቅዳ በርካሽ የቀየረችለትም እሷ ናት፣ በወር አርባ ጊኔ፣ አርባ ጊኔ፣ ግማሽ ሱቅ ሲመነዘር ስንት አርባ ይወጣዋል፣ የአባቱ ግራ እጅስ፣ ያ ሎሚ ሲሰነጥቅ ዓይን የማያስፈልገው እጅ፣ ስንት ነው ዋጋው፣ ማስላት ይጀምራል፣ ቁጥሩ እንደ አረፋ ከጣቱ ያመልጣል፣ የራሱን ግራ እጅ ይጨብጣል፣ ይዘረጋል፣ እጁ አለች፣ ትታዘዛለች፣ እስከ መቼ።

ነርሚን፣ ይላል፣ ዶክተር ማለቱን ትቶ፣ አንቺ ግን ይሄን ሁሉ ስትለፊ ከእኔ ምን ታተርፊያለሽ?

ብርጭቆ ውሃ እጁ ላይ ታስቀምጣለች፣ ፈገግ እንኳ አትልም።

ሬሳ ደንበኛ አይሆነኝም። በል ዋጣት።