የእናንተም ቢሆን ንጹህ አይደለም

እስከ ማክሰኞ ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር፦ ጠዋት ጠዋት የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ከከተማው ዳር ካሉት ላሞቹ ያለበውን ሃያ ሊትር ወተት በቢዶን ጭኖ በብስክሌት ያደርስላታል፤ እሷ በሯ ላይ በሊትር እየሰፈረች ትሸጣለች፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቢዶኑ ታጥቦ ግድግዳው ሥር ይደፋል። ስምንቱን ሊትር የሚወስደው ባለ ሻይ ቤቱ ነው፤ የቀረውን ጎረቤት ይሻማበታል። የቤቱ ኪራይም ሆነ የልጇ ትምህርት የሚወጣው ከዚያ ቢዶን ነው።

ረቡዕ ባለ ሻይ ቤቱ ዕቃ ሳይዝ መጣ።

“እታለም፣ ዛሬ ይቅርብኝ” አለ፣ እጁን ኪሱ እንደከተተ።

“ምነው፣ ሻይ ቤቱን ዘጋኸው እንዴ?”

“ኧረ አልዘጋሁም። የዱቄት ወተት ልሞክር ብዬ ነው።”

“አንተ? የዱቄት ወተት ከምጠጣ ኖራ በጥብጬ ብጠጣ ይሻለኛል ስትል የኖርከው ሰውዬ?”

አንገቱን አከከ። “ምን መሰለሽ… ልጄ ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጥቶ ነው። የኬሚስትሪው አስተማሪ የናንተን ወተት ንጹህ አይደለም፣ ድብልቅ ነው ብሎ ክፍል ውስጥ ተናገረ አለ። እኔ አላልኩም። የተማረ ሰው ነው ያለው።”

ከእሱ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቷም አልመጣችም። ቢዶኑ ከግማሽ በላይ እንደሞላ ረፈደ። ወደ ጓዳ ስትገባ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጇ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

“ተነሺ እንጂ የኔ እመቤት፣ ትምህርት የለም?”

“አልሄድም። ክፍል ውስጥ ስሜ ድብልቅ ሆኗል።”

ቀስ በቀስ አወጣጣቻት። መምህሩ የንጹህ ቁስ ምሳሌ ስጡኝ ሲል ልጅቷ እጇን አውጥታ “ወተት” አለች። አይደለም፣ ወተት ድብልቅ ነው አላት። የኛ ግን ንጹህ ነው ብላ ተከራከረች። “የእናንተም ቢሆን ንጹህ አይደለም” አለ መምህሩ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

“አንቺስ ምን መለስሽለት?”

“ምን እላለሁ እማዬ? መጽሐፉም እንደሱ ነው የሚለው።”

“መጽሐፉ የኔን ወተት የት ያውቀዋል?”

ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄደች። መምህሩን ያገኘችው ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ የመስታወት ዕቃዎችን አጥቦ ሲደረድር ነው። ቀጭን ወጣት ነው። ጠመኔ እንኳ ሳይመዝን አይቆርስም እያሉ ተማሪዎቹ “ሚዛን” ይሉታል።

“እርስዎ ነዎት የኬሚስትሪው መምህር?”

“አዎ፣ ይቀመጡ እናቴ።”

“አልቀመጥም። ወተቴን አይተኸው ታውቃለህ? ቀምሰኸዋል?” እርስዎ ማለቱ ከአፏ ጠፍቶ ነበር።

ነገሩ ሲገባው ደነገጠ። “ንጹህ አይደለም ስል ቆሻሻ አለበት ማለቴ አልነበረም። በኛ ትምህርት ንጹህ የምንለው ከአንድ ዓይነት ቁስ ብቻ የተሠራውን ነው። ወተት ውስጥ ግን ቅባት አለ፣ ስኳር አለ፣ ፕሮቲን አለ፤ ከመቶ ሰማንያ ሰባቱ ደግሞ ውሃ—”

“ዝም በል!” ብላ ወደ በሩ ዞረች። “ሰው ይሰማሃል!”

“ላሟ ራሷ የምትሰጠው ውሃ እኮ ነው።”

“ታዲያ እናንተ ዘንድ ንጹህ የሚባለው ምንድን ነው?”

መደርደሪያው ላይ ያለ ጠርሙስ አሳያት። “ለምሳሌ ይኼ። የተጣራ ውሃ።”

“ጉድ ፈላ! ውሃው ንጹህ፣ ወተቱ ድብልቅ! ውሃ ብጨምርበት ኖሮ ስሜ አይጠፋም ነበራ።”

ሊስቅ ብሎ ዓይኗን ሲያይ ተወው። “ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ለክፍሉ አስረዳለሁ።”

“ንጹህ ነው ትላቸዋለህ?”

“እንደሱ ማለት አልችልም።” ጥቂት አሰበና መሳቢያ ከፍቶ ታችኛው ጫፉ የከበደ ረጅም የመስታወት ዘንግ አወጣ። አንገቱ ላይ ቁጥር ተሰምሮበታል። “መለካት ግን እችላለሁ። ከላም እንደወጣ በሆነ ወተት ውስጥ ይኼ ሲንሳፈፍ ከ1.028 እስከ 1.032 ያነባል። ውሃ ከተጨመረበት ጠለቅ ይላል፣ ቁጥሩም ያንሳል። ነገ ይዘው ይምጡ፣ ተማሪዎቹ ፊት እንለካው።”

“ይኼ ነገር አይሳሳትም?”

“ወተቱ ሃያ ዲግሪ ላይ ከሆነ አይሳሳትም።”

እሺ ልትል ብላ ዘንጉን ደግማ አየችው። እሷ ጠብታ ውሃ ጨምራ አታውቅም። የምታልበው ግን እሷ አይደለችም። ሰሞኑን ወተቱን ስታፈላ ስልባቦቱ እየሳሳ መምጣቱን አይታለች። ወቅቱ ነው ብላ ነበር ያለፈችው።

“አመጣለሁ” አለች በመጨረሻ።

በማግስቱ ጠዋት የባሏ ወንድም ብስክሌቱን አቁሞ የቢዶኑን ገመድ ሲፈታ አጠገቡ ቆመች።

“ወንድምጋሼ፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ይለካል።”

“ምኑ?”

“ወተቱ። ውሃ የገባበት እንደሆነ የሚያሳይ መሣሪያ አላቸው።”

ጣቶቹ ቋጠሮው ላይ ቆሙ። “ዛሬን ተይውና ነገ ይለካ።”

“ለምን ነገ?”

“የነገው ይሻላል። አንዷ ላም ነጥፋብኝ… ብቻ ነገ ይሁን።” ቢዶኑን አውርዶ፣ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን የልጅቷን ደህንነት ሳይጠይቅ፣ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ወንድሙ ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት አስቀርቶባቸው አያውቅም።

ለደንበኛ ሳትሰፍር በሯን ዘጋች። ከቢዶኑ አንድ ሊትር ቀድታ፣ ልጇን አስከትላ ወጣች። ትምህርት ቤት ሲደርሱ ልጅቷን ወደ ጓደኞቿ ላከችና ብቻዋን ወደ መምህሩ ገባች።

“ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ብቻችንን እንየው” አለችው።

መምህሩ ወተቱን አማስሎ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ቀዳው፤ ብርጭቆውን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ አቁሞ ቴርሞሜትር ከተተበት። ሃያ ሰባት። ሃያ አራት። ትኩሳቱ እንዲወርድለት የታመመ ልጅ እንደሚጠብቅ ሰው አፍጥጣ ቆመች። ከበሩ ውጭ ተማሪዎቹ እየተገፋፉ ነው፤ አንዱ “ድብልቅ! እናትሽ ገባች!” ሲል ሌሎቹ አውካኩ።

ሃያ ሲሆን ዘንጉን ለቀቀው። ጠለቀ፣ ብቅ አለ፣ ተወዛወዘና ቆመ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከወተቱ ልክ አደረገ። ዘንጉን አውጥቶ ጠርጎ እንደገና ለቀቀው። ከዚያ፣ ልማድ ሆኖበት፣ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፈ።

“አነሰ?” አለች።

“ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ የተጨመረ ውሃ ነው።” ወዲያው ደግሞ “እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ” አለ።

“በምን አወቅህ? መሣሪያው እሱንም ይለካል?”

“እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ ይዘው አይመጡም ነበር።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ማንም አላየም። ወተቱ ዛሬ አልደረሰም ብዬ ሌላ ነገር አስተምራለሁ። ነገ ሌላ ያምጡ።”

ነገ። የባሏ ወንድምም ነገ ነው ያለው። የነገው ወተት ደህና ቁጥር እንደሚያወጣ አሁን እርግጠኛ ናት። ስምንቱ ሊትር ይመለሳል፤ ልጇም አንገቷን ቀና ታደርጋለች። የልብስ ሰፊዋ ጨቅላ ግን ታወሳት፤ ከእሷ ወተት በቀር ሌላ አይቀምስም። ስልባቦቱ መሳሳት ከጀመረ ጀምሮ ሲጠጣ የከረመው ይኼንኑ ነው።

መምህሩ ዳስተሩን አንሥቶ ወደ ሰሌዳው ዞረ።

“ተወው” አለች።

“ልጅዎስ?”

“ልጄ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ያላወቅኩት እኔ ነኝ። ቀድሜ እኔ ልንገራት፣ ባለ ሻይ ቤቱም ከልጁ ይስማ።”

ሄዳ በሩን ራሷ ከፈተችው። ተማሪዎቹ መገፋፋታቸውን አቆሙ። ከፊት የባለ ሻይ ቤቱ ልጅ፣ ከሁሉም ኋላ የእሷ ልጅ ቆማለች። እጇን ዘርግታ ልጇን በመሃላቸው ስባ አስገባቻትና ሰሌዳው ፊት አቆመቻት። ቁጥሩ ገና አልተደመሰሰም ነበር፦ 1.024።