እትዬ የቱ ጋ

ስሙን ያወጡላቸው የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ናቸው። ሌላው አስተማሪ አስረድቶ ሲጨርስ «ገባችሁ?» ይላል፤ እሳቸው ግን «የቱ ጋ ጠፋችሁ?» ነበር የሚሉት። በዚያው እትዬ የቱ ጋ ሆነው ቀሩ። በእጃቸው ያለፈ ልጅ ሒሳብ አይፈራም፤ ቢፈራም ፍርሃቱን አይደብቅም።

ዩኒቨርሲቲ ያመጣቸው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ዛሬ እዚያ አስተማሪዎችን ያሠለጥናል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ክፉ ሰው ባይሆኑም፣ «ልጅ ማስተማርና አስተማሪ ማስተማር ለየቅል ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ልያቸው፤ ካልሆነ ግን እንዳትቀየመኝ» ብለው ቁርጡን ነገሩት። እትዬ ደግሞ የድሮ ቦታቸውን ለቀው ነው የመጡት። ለዚህ ነው በሙከራው ቀን የቀድሞው ተማሪ ከኃላፊው ጎን፣ የኋላው ወንበር ላይ በጭንቀት የተቀመጠው።

የእትዬ አጀማመር አላማረም። ፕሮጀክተሩ ላይ የተደረደረውን ከባድ ከባድ ቃል አቀርቅረው ያነባሉ፤ ድምፃቸው እንኳ የሳቸው አይመስልም። ገጹ ሲያልቅም አመለጣቸው።

«ገባችሁ?»

«አዎ!» አለ ክፍሉ ባንድ አፍ።

የቀድሞው ተማሪ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ኃላፊው ሰዓታቸውን አዩ።

እትዬ ግን መነጽራቸውን አወለቁና ፕሮጀክተሩን አጠፉት።

«ምን ነካኝ፣ ልጆቼ! ለሕፃን የማልለውን ለናንተ አልኩት። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ‹ገባችሁ› ሲሏችሁ ‹አልገባኝም› ብላችሁ ታውቃላችሁ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

«አያችሁ፣ ‹ገባችሁ› ካልኩ ያልገባው ልጅ ጥፋተኛ ነው። ‹የቱ ጋ ጠፋችሁ› ካልኩ ግን መንገድ የጠፋበት ልጅ ነው፤ እሱን ፈልጎ ማምጣት ደግሞ የኔ ሥራ ነው።»

ጠመኔ አንስተው 52 ሲቀነስ 27 ብለው ጻፉ። መልሱን 35 አሉት። «ይህን የሠራው ልጅ የቱ ጋ ጠፋ?»

እትዬ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁ። የቀድሞ ተማሪያቸው ያን አጠባበቅ ያውቀዋል፤ ማካፈል ውስጥ ጠፍቶ ሳለ እሱንም እንዲሁ ቆመው ጠብቀው ነው ያገኙት። እንዴት እንደሚወዳቸው!

በመጨረሻ አንዲት ሠልጣኝ እጇን አወጣች። «ከሁለት ላይ ሰባት መቀነስ ቢያቅተው ገልብጦ ከሰባት ላይ ሁለት ቀነሰ። ‹ምንጊዜም ከትልቁ ላይ ትንሹን ቀንሱ› ብለነዋላ!»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ! ታዲያ ጠፋ እንበል ወይስ አጠፋነው?»

ከዚያ በኋላማ ክፍሉን ማን ይቻለው! «እትዬ፣ እኔ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ነው የጠፋሁት» ያለም አለ። ደወል ተደውሎ እንኳ የሚወጣ ሰው ታጣ።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ የቀድሞውን ተማሪ ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«ከሰኞ ጀምሮ ክፍል ይሰጣቸው። ገባህ?»

«አዎ» አለና ምላሱን ነከሰ። «እ… አንድ ቦታ ጠፍቻለሁ። ትልቁ ክፍል ነው ትንሹ?»

ኃላፊው ሳቁ። «ትልቁ። ለኔም ከኋላ ወንበር ያዝልኝ።»